ሕሙማኑን ያደመጠው ሐኪም

ኦይገን ብሎይለር በዙሪክ አቅራቢያ ከሚኖር የገጠር ቤተሰብ ተወለደ። እህቱ ሳይኮሲስ በሚባል የአእምሮ ሕመም ትሠቃይ ነበር። የቡርግሆልትስሊን የአእምሮ ሆስፒታል የሚመሩት ጀርመናውያን ፕሮፌሰሮች የሕሙማኑን ዘዬ አይሰሙም እየተባሉ ሲታሙም ያውቃል። ሐኪም ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1898 በራይናው ሆስፒታል ከሕሙማኑ ጋር ኖረ፤ አብሯቸው ሠራ፤ የሚሉትን አደመጠ። በ1898 ቡርግሆልትስሊን ራሱን ተረከበ።

የዘመኑ ታላቅ የአእምሮ ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን መንገዱ ሌላ ነበር። በዶርፓት ሲሠራ የኢስቶኒያውያን ሕሙማኑን ቋንቋ ስለማያውቅ የሚያነጋግራቸው በአስተርጓሚ ነው። ትኩረቱ ሕመሙ እንዴት ጀምሮ የት እንደሚደርስ ላይ ነበር። ዛሬ ስኪዞፍሬኒያ የምንለውን ሕመም ለይቶ በማስቀመጥ ለሙያው ትልቅ ውለታ ውሏል። የታማሚው ንግግር ግን ለእርሱ ከበሽታ ምልክትነት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ብሎይለርና ረዳቱ ካርል ዩንግ ግን የታማሚን ንግግር ትርጉም የሚፈልገውን የዚግመንድ ፍሮይድን ሳይኮአናሊሲስ ወደ ሆስፒታሉ አስገቡ። እዚያ ለብዙ ዓመታት የኖረች አንዲት ልብስ ሰፊ የሶቅራጥስ ምትክ ነኝ ትል ነበር። ዩንግ በትዕግሥት ሲያዳምጣት፣ እንደ ሶቅራጥስ ያለ በደሌ ተከሰስኩ ማለቷ መሆኑ ገባው።

በ1911 ፍሮይድ በአካል አግኝቶት የማያውቀው ዳኛ ዳንኤል ፓውል ሽሬበር የጻፈውን የሕመም ታሪክ ተንትኖ፣ ቅዠቱ የፈረሰበትን ዓለም መልሶ የመገንባት ሙከራ ነው አለ። በዚያው ዓመት ብሎይለር ስለ ስኪዞፍሬኒያ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከሳይኮአናሊሲስ ማኅበርም ወጣ። ከእኛ ጋር ያልሆነ ጠላታችን ነው የሚለው አቋም ለሃይማኖትና ለፓርቲ ቢበጅም ሳይንስን ይጎዳል ብሎ ለፍሮይድ ጽፎለታል።

ብሎይለር የፈራው ወገንተኝነት ደረሰ። በ1948 ሕሙማንን በማዳመጥ የተመሰገነችው የሳይኮአናሊሲስ ሐኪም ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን እናቶችን የሕመሙ ምንጭ አድርጎ የሚቆጥር ስያሜ በጽሑፏ አሰፈረች፤ ብዙ እናቶችም ያለ ማስረጃ ተወቀሱ። በ1952 ደግሞ ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር ክሎርፕሮማዚን የተባለ መድኃኒት የሳይኮሲስ ሕሙማንን እንደሚረዳ ፓሪስ ላይ አሳዩ። መድኃኒቱ የብዙዎችን ሥቃይ አቀለለ፤ ክርክሩም ወይ አንጎል፣ ወይ የሕይወት ታሪክ ወደሚል ምርጫ ጠበበ።

ብሎይለር ግን ሁለቱን አላጣላም። የሕመሙ ሥር በአካል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው የሚናገረው ግን ከኖረው ሕይወት የመጣ ነው ብሎ ያምን ነበር። መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ማዳመጥም ግዴታው ነው፤ ያዳመጠ ሁሉ ደግሞ ያለ ማስረጃ ቤተሰብን የመክሰስ መብት የለውም።