አስታራቂ ቀለበት፦ ማርሽ አልገባ ሲል ጥፋቱ የማን ነው?

ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ከጣሊያንኛ መጥተው የኛ ቃላት ሆነዋል፤ እነሱን ለመተካት መድከም አያስፈልግም። በካምቢዮው ሆድ ውስጥ ያለው «ሲንክሮናይዘር» ግን ስሙም ሥራውም ለብዙ አሽከርካሪ እንግዳ ነው። እኔ «አስታራቂ ቀለበት» እንድንለው አቀርባለሁ። ምክንያቴ ሥራውን ሲያዩት ይገለጣል።

ማርሽ ስናስገባ ጥርስ ከጥርስ የምናገናኝ ይመስለናል። በዛሬዎቹ የመኪና ካምቢዮዎች ግን ወደፊት የሚነዱት ማርሾች ጥርሶቻቸው ሁልጊዜም እንደተያያዙ ነው የሚዞሩት። ያልተመረጠው ማርሽ ዘንጉ ላይ በባዶ ይሽከረከራል፤ እጀታውን ስንገፋ የሚሆነው፣ አንድ ተንሸራታች ቆላፊ ሄዶ ያንን ማርሽ ከዘንጉ ጋር ማሰሩ ነው። ችግሩ ማርሹና ዘንጉ በተለያየ ፍጥነት መዞራቸው ነው። በመካከላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራች፣ ቀጭን ቀለበት አለች። የማርሹን ሾጣጣ አንገት ታቅፋ በሰበቃ ፍጥነቱን ታስተካክላለች። ፍጥነታቸው እኩል እስኪሆን ድረስ የራሷን ጥርሶች በቆላፊው ፊት ደቅና መንገድ ትዘጋለች፤ እኩል ሲሆን ታሳልፋለች።

«አመሳሳይ» ብንላት የመጀመሪያውን ሥራዋን ብቻ መንገር ይሆናል፤ መንገድ መዝጋቷ ይቀራል። ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ያደርጋል። ቁጣቸው ያልበረደ ባላንጣዎችን ፊት ለፊት አያገናኝም፤ መሀል ገብቶ ያበርዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያጨባብጣቸው። በካምቢዮ ውስጥ ፍጥነት የማስተካከሉን አሠራር በኧርል ቶምፕሰን ፈጠራ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ካዲላክ ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1928 ነበር። ከዚያ በፊት ማስታረቁ የሾፌሩ ፋንታ ነበር፦ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ማድረግ፣ መልቀቅ፣ እንደገና ረግጦ ማስገባት። አስታራቂ የሌላቸውን አሮጌ ከባድ መኪኖች የነዱ ሾፌሮች ይህን በጆሯቸውና በእግራቸው ያውቁታል።

የስፖርት መኪና ይህችን ቀለበት ከሌላው መኪና አብልጦ ያደክማታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ አውቶ ሾው የታየችውን ባለሁለት መቀመጫዋን ማዝዳ ኤም.ኤክስ-5 እንውሰድ። በመጀመሪያው ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮዋ የማርሾቹ የዙር ምጥጥን አንደኛው 3.136፣ ሁለተኛው 1.888፣ አራተኛው 1.000፣ አምስተኛው 0.814 ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ብትቀይሩ ፍጥነቱ ወደ 3,600 ገደማ መውረድ አለበት። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ሲሆን ግን ወደ 4,900 ገደማ መውረዱ ይበቃል። የሁለተኛው አስታራቂ በአንድ ቅጽበት ከአምስተኛው እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ማብረድ አለበት ማለት ነው። ሁለተኛ ማርሽ ከሌሎቹ ቀድሞ «ክርርር» ማለት የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ማርሽ አልገባ ሲል የምንጠይቀው ይህን ነው፦ አስታራቂው አቅም አጥቶ ነው ወይስ ከውጭ ሆኖ ጠቡን የሚቆሰቁስ አለ? ቆስቋሹ ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦም ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ካልተላቀቀ ሞተሩ የካምቢዮውን የመግቢያ ዘንግ ማዞሩን አያቆምም፤ እንዲህ ሲሆን የትኛዋም ቀለበት አትችለውም። መለያው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ ያለ ችግር ከገቡ፣ ሲነሳ ግን ሁሉም ከከበዱ ፍሪሲዮንን ጠርጥሩ። መኪናው በቆመበት ፔዳሉን ረግጣችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁና የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ከጮኸ ዘንጉ አሁንም እየዞረ ነው። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ስትረግጡ ማርሹ ከቀለለ ደግሞ በፍሪሲዮኑ የዘይት መስመር ውስጥ አየር ወይም ፍሳሽ አለ።

በኤም.ኤክስ-5 ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ከካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ጎሚኒው ያልቅና ፈሳሹን ያንጠባጥባል፤ ባለመኪናው ግን ካምቢዮው ሞተ ብሎ ያዝናል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ አንድ ትንሽ ፓምፕ በመቀየር የሚድን መኪና ሙሉ ካምቢዮው ሊፈታበት ይችላል።

ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ግን ጣታችንን ወደ ቀለበቷ እንቀስራለን። ማረጋገጫው የድሮዎቹ ሾፌሮች ዘዴ ነው፤ ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጣችሁ ስታስገቡ ጩኸቱ ከጠፋ የደከመችው አስታራቂዋ ናት። ጠዋት ብቻ ከብዶ መኪናው ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ የካምቢዮውን ዘይት አስቀድሙ። ጂ.ኤል-5 የተባለው ዘይት ለአንዳንድ ካምቢዮዎች ከመጠን በላይ አንሸራታች ነው፤ ቀለበቷ ይዛ እንዳታበርድ ያደርጋታል፣ ንጥረ ነገሩም ነሐስን ሊበላ ይችላል። የመኪናው መመሪያ ጂ.ኤል-4 ካለ ጂ.ኤል-4 ይሁን። የገባ ማርሽ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የቆላፊው ጥርሶች አልቀው ይሆናል።

ካምቢዮ ለማስወረድ ከመስማማታችሁ በፊት ከመኪናው ሥር ገብታችሁ የታችኛውን ፓምፕ የላስቲክ ሽፋን ገልጣችሁ እዩ። እርጥብ ከሆነ አስታራቂዋን አትንኳት።