ሚጅ ዩር ማነው? የ77ቱን የረሃብ ዘፈን የሠራው፣ ስሙ ግን ብዙም የማይነሳው ሙዚቀኛ

የ77 ድርቅ ሲነሳ ከፈረንጅ ሙዚቀኞች መጀመሪያ የሚጠራው ቦብ ጌልዶፍ ነው። ያኔ ለተራበው ወገናችን ገንዘብ ያሰባሰበውን ዘፈን ሙዚቃ ቁጭ ብሎ የሠራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ስኮትላንዳዊው የሮክ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ሚጅ ዩር። እስቲ በአጭሩ እንተዋወቀው። (ከተጠቀሰው አንድ ቀን በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

▪ አጀማመሩ

ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ዩር ነው። በ1953 ግላስጎው አጠገብ ባለችው ካምበስላንግ ተወለደ። «ሚጅ» የሚለው ስም የመጣው «ጂም» ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው።

መጀመሪያ የታወቀው ስሊክ በሚባል ባንድ ነው። በ1976 «ፎርኤቨር ኤንድ ኤቨር» የተባለው ዘፈናቸው እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ ወጣ። ዘፈኑን የጻፉት ግን ሌሎች ነበሩ። ከዚያ የቀድሞው የሴክስ ፒስትልስ ቤዝ ጊታሪስት ግሌን ማትሎክ ወዳቋቋመው ሪች ኪድስ ገባ። እዚያ እያለ ሲንተሳይዘር ወደደ፤ የሕይወቱ አቅጣጫም በዚያው ተቀየረ።

▪ «ቪየና»

በ1979 አልትራቮክስን ተቀላቀለ። ከባንዱ ጋር የሠራው «ቪየና» በ1981 አራት ሳምንት ሙሉ 2ኛ ላይ ቆየ። ሦስቱን ሳምንት 1ኛ እንዳይወጣ የከለከለው ምን መሰላችሁ? የጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን! እንግሊዞች ከዓመታት በኋላ 2ኛ ላይ ከቀሩ ዘፈኖች የሚወዱትን ሲመርጡ ግን ቪየና አሸነፈ።

▪ የኛው ጉዳይ

በጥቅምት 1984 ማይክል በርክ ያቀረበው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው የቢቢሲ ዘገባ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳየ። ጌልዶፍ ያንን አይቶ ለዩር ደወለ፤ ዘፈን እንሥራ አለው። ግጥሙ በአብዛኛው የጌልዶፍ፣ ሙዚቃው በአብዛኛው የዩር ሆነ። ዩር መሣሪያዎቹን ቤቱ ባለው ስቱዲዮ ቀረጸ።

ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ሳርም ዌስት ስቱዲዮ ቦኖ፣ ስቲንግ፣ ጆርጅ ማይክልና ሌሎችም ተሰበሰቡ። ፊል ኮሊንስ ድራም መታ። ስቱዲዮው በነፃ የተሰጣቸው ለ24 ሰዓት ብቻ ስለነበር ዩር ሌሊቱን ሚክስ ሲያደርግ አድሮ ጠዋት ጨረሰ። «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ» እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ተሸጠ። በ1985ም ላይቭ ኤይድ የተባለው ትልቁ ኮንሰርት ተከተለ።

ገንዘቡ እርዳታ ሆኖ መጥቷል፤ ይሄ አይካድም። ግን የዘፈኑ ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ማለት እኮ ነው። ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትና ያለበት፣ ታኅሣሥ 29 ገናን የሚያከብር አገር ነው የተጠየቀው። ግጥሙም አፍሪካን ወንዝ የማይፈስባት አድርጎ ይስላል፤ ዓባይ የሚነሳው ደግሞ ከኛው ነው። በ2014 ዘፈኑ እንደገና ሲሠራ የጋና ዝርያ ያለው ፊውዝ ኦዲጂ አልሳተፍም ያለው አፍሪካን በዚህ መልክ ስለሚያሳይ ነበር። በ2024 ደግሞ ኤድ ሺራን የድሮ ድምፁን በአዲሱ ቅጂ ለመጠቀም ፈቃድ ቢጠየቅ ኖሮ እምቢ እንደሚል ተናገረ።

ሁለቱም እውነት ነው፤ ዘፈኑ ሰው አድኗል፣ የተዛባ ሥዕልም ትቶብናል።

▪ ለብቻው

በ1985 «ኢፍ አይ ዎዝ» የተባለ ዘፈኑ 1ኛ ወጣ። በ1988 አልበሙ ከኬት ቡሽ ጋር ተጣምሮ ዘፍኗል። በ2005 ላይቭ 8ን ከጌልዶፍ ጋር አዘጋጀ። አልትራቮክስም እንደገና ተሰባስቦ በ2012 «ብሪሊያንት» የተባለ አልበም አወጣ።

▪ ለመስማት ለምትፈልጉ

ከአልትራቮክስ ጋር፦ ቪየና (1980)፣ ሬጅ ኢን ኢደን (1981)፣ ኳርቴት (1982)፣ ላሜንት (1984)
ለብቻው፦ ዘ ጊፍት (1985)፣ አንሰርስ ቱ ናቲንግ (1988)፣ ብሪዝ (1996)፣ ፍራጃይል (2014)

ለጀማሪ «ቪየና» ይበቃል። በኢርፎን ስሙት፤ መጀመሪያ ላይ በጣም ቀስ ይላል፣ እንዳትዘሉት።