የራስ ቅሎቹ የማን ነበሩ? ፍሮይድንና ዩንግን ያራራቀ ሕልም

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1909 «ጆርጅ ዋሽንግተን» የተባለችው መርከብ ከጀርመኗ ብሬመን ወደ ኒውዮርክ ስትነሳ ከመንገደኞቿ መካከል ሦስት ሐኪሞች ነበሩ፤ የ53 ዓመቱ የቪየና ነዋሪ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ የ34 ዓመቱ ስዊዛዊ ካርል ጉስታቭ ዩንግ እና ሃንጋሪያዊው ሻንዶር ፈረንጺ። ፍሮይድንና ዩንግን የጠራቸው በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 20ኛ ዓመቱን ሲያከብር ንግግር እንዲያደርጉለት። መንገዱ ረጅም ነው። ሕልም መፍታት ደግሞ ሥራቸው ነውና በየቀኑ እየተቀመጡ አንዱ የሌላውን ሕልም ይፈታ ጀመር።

በዚህ ሙያ መምህሩ ፍሮይድ ነበር። ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው መጽሐፍ በ1899 መጨረሻ ሲወጣ የታተመው 600 ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ተሸጦ እስኪያልቅ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። በ1909 ግን ስሙ መግነን ጀምሯል፤ ዩንግንም እንደ በኩር ልጁና እንደ አልጋ ወራሹ ይቆጥረው ነበር።

ዩንግ ያየው ሕልም እንዲህ ነው። በማያውቀው፣ ግን የራሱ በሆነ ባለ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። ላይኛው ክፍል በጥንት ዕቃና በሥዕል ያማረ ሳሎን ነው። ታች ምን እንዳለ ለማየት ወረደ። እዚያ ጨለም ብሏል፤ ወለሉ ቀይ ሸክላ፣ ዕቃው የመካከለኛው ዘመን ነው። ከባድ በር ሲከፍት ወደ ታች የሚወስድ የድንጋይ ደረጃ አገኘ፤ ሲወርድ የሮማውያን ግንብ ያለበት ክፍል ውስጥ ገባ። ወለሉ ላይ ቀለበት የተበጀለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቀለበቱን ስቦ ሲያነሳው ሌላ ጠባብ ደረጃ፤ ከደረጃው ግርጌ ከዐለት የተፈለፈለ ዝቅተኛ ዋሻ። ውስጡ አቧራ፣ አጥንት፣ የተሰባበረ ሸክላ፣ ከሁሉም በላይ ግማሽ በግማሽ የፈረሱ ሁለት የሰው ራስ ቅሎች። እዚህ ላይ ነቃ።

ፍሮይድ ሳሎኑን አለፈው፣ የሮማውያኑን ግንብም አለፈው፤ ያያዘው የራስ ቅሎቹን ነው። የማን እንደሆኑ ደጋግሞ ጠየቀ። ዩንግ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገባው፤ መምህሩ የሚፈልገው የአንድ ሰው ሞት ሲመኝ ለመያዝ ነው። ስለዚህ ዋሸ። የሚስቱና የዋርሳው ናቸው አለ። ፍሮይድ እፎይ አለ።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው የእኛ አባባል እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዩንግ ቤቱ የራሱ አእምሮ ነበር፤ ሳሎኑ ንቁው ኅሊናው፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ደግሞ የሚያገኘው ከእሱ የቀደሙት ሰዎች ሁሉ ያወረሱት። የሰው ልጅ በጋራ የሚይዘው የነፍስ ጥልቅ ክፍል አለ የሚለው ታዋቂ ሐሳቡ የተጠነሰሰው ከዚያ ዋሻ እንደሆነ በእርጅናው ተናግሯል። በዚያው ጉዞ እሱም በተራው የፍሮይድን ሕልም ሊፈታ ስለ ግል ሕይወቱ ቢጠይቀው፣ ፍሮይድ ክብሬ ይነካል ብሎ ዝም አለ። ዩንግ እንደሚለው፣ ፍሮይድ ያን ጊዜ ከዓይኑ ወረደ። ይህን የምናውቀው ከአንዱ ወገን አንደበት ብቻ መሆኑ ግን አይረሳ። በጃንዋሪ 1913 ፍሮይድ በደብዳቤ ወዳጅነቱን ቆረጠ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 18 ሌሊት ዩንግ ሌላ ሕልም አየ። ከአንድ ጠይም የማያውቀው ሰው ጋር ጎህ ሳይቀድ ተራራ ላይ አድፍጠዋል። የጀርመኖች የተረት ጀግና ዚግፍሪድ ከሙታን አጥንት በተሠራ ሠረገላ ቁልቁል ሲመጣ ተኩሰው ገደሉት። ዩንግ በጸጸት ተንገብግቦ ነቃ። ሕልሙን አሁኑኑ ፍታ የሚል ድምፅ ይወተውተዋል፤ ባይፈታ ራሱን እንደሚያጠፋ ተሰማው፤ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከራስጌው መሳቢያ ውስጥ አለ። ጨንቆት ሲያስብ ገባው። ዚግፍሪድ ራሱ ነው፤ ፈቃዱን በሁሉ ላይ መጫን የሚወድ፣ ካልኩ አይቀርም የሚል ሰው። ያ ጠባይ መሞት ነበረበት።

ለእኔ ከዩንግ ታሪክ ሁሉ የምትበልጠው ይህች ሌሊት ናት፤ ፍቺውን ከራሱ ሕይወት ፈለገና። በእኛ ዘንድ ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ሰው ዘመድ ሊሞትብኝ ነው ብሎ ይሰጋል፤ ፍቺው ለሁሉም አንድ ነው። ዩንግ እንዲህ ያለውን የተዘጋጀ ፍቺ አይቀበልም ነበር። ታካሚው የጣውላ ጠረጴዛ በሕልሜ አየሁ ካለው፣ ጠረጴዛ ምን እንደሆነ እንደማላውቅ ቁጠረኝና ታሪኩን ንገረኝ ይለዋል። አባቱ ሒሳብ ሲሠራ የሚደገፍበት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ከሆነ ሌላ።

ይህ ሰው በ1925 ወደ እኛው አካባቢ መጣ። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ በኤልጎን ተራራ፣ አንድ ሽማግሌን ስለ ሕልም ጠየቀ። የሽማግሌው ዓይን ዕንባ አቀረረ። ቀድሞ ጦርነት፣ በሽታ፣ ዝናብ የሚያሳየውን ታላቅ ሕልም የሚያዩት አዋቂዎቹ ነበሩ፤ እንግሊዞች ከመጡ ወዲህ ግን ማንም አያይም፣ ሁሉን የሚያውቀው የአውራጃው ገዢ ነው አሉት።

ዩንግ ራሱ በአፍሪካ ቆይታው ያየው ጥቁር ሰው ያለበት ሕልም አንድ ብቻ ነው። እሱም አፍሪካዊ አይደለም፤ በአሜሪካ ቻታኑጋ ከተማ ጸጉሩን ያስተካከለው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሰውየው የጋለ ብረት ይዞ የዩንግን ጸጉር ሊያከረድደው ወደ ራሱ ሲያስጠጋ በድንጋጤ ነቃ። አፍሪካ ልትውጥህ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ፈታው።

በ1913ቱ ሕልም ጠይሙ ሰው የራሱ የነፍሱ ክፍልና ረዳቱ ነበር። ጸጉር አስተካካዩን ግን ማን ነህ፣ ለእኔ ምኔ ነህ ብሎ በወጉ አልጠየቀውም፤ የዘመኑን ነጮች ፍርሃት አምጥቶ ለጠፈበት። ፍሮይድ በራስ ቅሎቹ ላይ ያደረገውን እሱም አደረገ። ይህን የዩንግን ፍቺ አልቀበለውም፤ ታካሚውን የሚጠይቀውን ጥያቄ ግን እወስደዋለሁ። እርስዎም ዛሬ ሌሊት ጥርስዎ ሲወልቅ ካዩ፣ ጧት ለዘመድ ከመደወልዎ በፊት ጥርስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው በወረቀት ላይ ይጻፉት።