ልብን የሚያስመታው ማን ነው?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ለዓመት በዓል በግ ወይም ፍየል ሲታረድ አጠገብ የቆመ ሰው ያየው ነገር አለ። ልቡ ከደረት ወጥቶ በገበታ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ይርገበገባል። ሕፃናት ይደነቃሉ፤ አራጁ ሥራውን ይቀጥላል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን ይህንኑ አስተውሎ ጽፏል። ልብ ከአንጎልም ከነርቭም ተቆርጦ የሚመታ ከሆነ ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ሊቃውንትን በሁለት ጎራ ከፍሎ ነበር። ገሚሶቹ ምቱን በልብ ውስጥ ላሉ የነርቭ ሴሎች ሲሰጡ፣ ሌሎቹ ለጡንቻው ለራሱ ይሰጡ ነበር። ጀርመናዊው ስታኒየስ በ1852 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንቁራሪትን ልብ፣ ደም መልሶቹ ከሚገቡበት ከረጢት አጠገብ በክር አሰረ። ከክሩ በታች ያለው የልብ ክፍል ቆመ፤ ከረጢቱ ግን መምታቱን ቀጠለ። እንግሊዛዊው ጋስኬል ደግሞ በ1880ዎቹ በኤሊ ልብ ላይ ሠርቶ፣ ምቱ ከዚያው ስፍራ ተነሥቶ በጡንቻው በኩል ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚተላለፍ አስረዳ። ዛሬ በታካሚው ካርድ ላይ የምንጽፈው «ብሎክ» የተባለው ቃል የመጣው ከእርሱ ነው።

የአጥቢ እንስሳት ልብ ግን እንዲህ ያለ የተለየ ከረጢት የለውም። በ1906 ክረምት አርተር ኪዝ የተባለው የአናቶሚ ምሁር በእንግሊዝ አገር ኬንት ገጠር ነበር። ከባለቤቱ ጋር በብስክሌት ተዘዋውሮ ሲመለስ፣ አብሮት የሚሠራው የሕክምና ተማሪ ማርቲን ፍላክ በማይክሮስኮፕ ያገኘውን ነገር አሳየው። የተመለከቱት የፍልፈል ልብ ነበር፤ ከጎጃሙ ፍልፈል በዘር ቢለይም እንደርሱ መሬት የሚምስ እንስሳ ነው። ላይኛው ዐቢይ ደም መልስ ወደ ቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል በሚገባበት ስፍራ ከአካባቢው የተለየ ትንሽ የጡንቻ ቋጠሮ ተገኘ። ግኝቱ በ1907 ታተመ፤ ሳይኖአትሪያል ኖድ የምንለው ይህ ነው። ጃፓናዊው ታዋራ በጀርመን አገር ሁለተኛውን ቋጠሮ፣ ኤቪ ኖድን፣ የገለጸው ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ቶማስ ሉዊስ በ1910 የኤሌክትሪክ ምልክቱ በእርግጥ ከሳይኖአትሪያል ኖድ እንደሚነሣ አሳየ። የተማሪው ድርሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሲዘነጋ ማየት ያሳዝናል።

ይህ ቋጠሮ ከሌላው ጡንቻ የሚለየው ዕረፍት ባለማወቁ ነው። የሴሉ ውስጣዊ ቮልቴጅ ከ60 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ላይ ሲደርስ ሶዲየም ቀስ እያለ ይገባል፤ ወደ 40 ሲጠጋ ካልሲየም ይከተላል፤ ሴሉ ይለኮሳል። ፖታስየም ሲወጣ እንደገና ወደ ታች ይመለሳል፤ ዑደቱም ያለ ማቋረጥ ይደገማል። የመጀመሪያውን የሶዲየም ፍሰት በ1979 ሒላሪ ብራውን፣ ዲፍራንቼስኮና ኖብል ሲገልጹት ጠባዩ ከሌሎቹ ስለ ተገለበጠባቸው «አስቂኙ ፍሰት» አሉት፤ ስሙም ጸደቀ።

ቋጠሮው ራሱን ቢችልም ልጓም አለው። ነርቮቹ ቢቋረጡ የጤናማ ወጣት ልብ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታል፤ ዐርፈን ስንቀመጥ ወደ 70 የሚያወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። የቬበር ወንድማማቾች ይህን ነርቭ በ1845 በኤሌክትሪክ ነክተው ልብን አቆሙ። ኦቶ ሎዊ በ1921 ነርቩ ሥራውን የሚፈጽመው በኬሚካል አማካይነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ኬሚካሉም አሴቲልኮሊን ነው።

ምዕራብ ጎጃም በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር ኤትሮፒንን ይዟል፤ ኤትሮፒን ደግሞ አሴቲልኮሊን የሚይዘውን ቦታ ይዘጋል። የቅኔ ተማሪዎች ለትምህርት መግቢያ ይጠጡታል የሚባለው አብሾ ከዚሁ ተክል እንደሚዘጋጅ በስፋት ይነገራል። ፍሬውን የበላ ሕፃን ልጓሙ ስለ ተፈታ ልቡ ይጋልባል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይቀባዥራል፤ የተክሉ ስም ራሱ ምልክቱን ይናገራል። በወባ ወራት እንዲህ ያለ ልጅ የአንጎል ወባ ነው ተብሎ በቀላሉ ሊታለፍ ይችላል። የዓይኑ ብሌን እጅግ ሰፍቶ፣ ብብቱ ላብ አልባ ሆኖ ከተገኘ ምን እንደ በላ ቤተሰቡን መጠየቅ ይገባል፤ የወባው የደም ምርመራ ግን አይቀርም።

ተቃራኒው ከበቆሎ ማሳ ይመጣል። እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያስሩታል። ብሌኑ ይጠብባል፣ ምራቅና ላብ ይወርዳል፣ ደረቱ በፈሳሽ ይሞላል፣ ልቡም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። መድኃኒቱ ያው በአስተናግር ውስጥ ያለው ኤትሮፒን ነው፤ ደረቱ እስኪደርቅና የልብ ምቱ ከ80 በላይ እስኪሆን እየተደጋገመ ይሰጣል። ገበሬው «የነቀዝ መድኃኒት» ሲል ግን ጠርሙሱን ወይም ክኒኑን ማየት ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ሌላ መርዝ ነው፤ ኤትሮፒን አያረክሰውም።

ምንም መርዝ ሳይነካው ምቱ በደቂቃ ከ40 በታች የወረደ፣ ደጋግሞ ራሱን የሚስት አዛውንትም ይመጣል። እዚህ የታመመው ብዙ ጊዜ ታዋራ የገለጸው መንገድ ነው፤ ትእዛዙ ከላይ ቢወጣም ወደ ታች አይደርስም። በ1958 በስቶክሆልም ሴኒንግ የተባለው ቀዶ ሐኪም ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ አርነ ላርሰን በተባለ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ የቀበረው ለዚሁ ችግር ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነው። ላርሰን ግን ሌሎች እየተተኩለት በ2001 በ86 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሐኪሙም መሐንዲሱም ከእርሱ ቀድመው አርፈው ነበር። ከቡሬ የሚነሣ ሕመምተኛ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለማግኘት ለረጅም ዘመን ተስፋው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር፤ ጉዞው የሚጀመረው ግን በጤና ጣቢያው ውስጥ እጁን ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ በቈጠረለት ባለሙያ ነው።