ከቆቃ እስከ ጊታሩ፡ «ወርቃማው ዘመን» የተሰካበት ሶኬት

የኢትዮጵያ ሙዚቃ «ወርቃማ ዘመን» ሲነሳ የሚጠሩት ድምፃውያን ናቸው፤ ቢበዛ አቀናባሪው ይታከልበታል። ጊታሩ የተሰካበትን ሶኬት ግን ማንም አያነሳም። የሶኬቱን ሽቦ ተከትሎ የሄደ ሰው ግን የሚደርሰው አዳማ አጠገብ፣ አዋሽ ወንዝ ላይ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቆቃ ግድብ በ1960 ተመረቀ። የተሠራው ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ ሲሆን፣ አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነበር። በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 አዋሽ ሦስት ተከተሉ። ፊንጫ በ1973 እስኪደርስ ድረስ የአዲስ አበባ መብራት በዋናነት የተመካው በአዋሽ ውሃ ላይ ነበር። አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1969 ነው፤ ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት በ1974። ወርቃማ የሚባለው ዘመን፣ ከሞላ ጎደል፣ በአዋሽ ጉልበት የተዘፈነ ነው።

ጉልበቱ ለምን አስፈለገ? ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚወጣው ምልክት ከአንድ ቮልት ብዙ ያነሰ፣ ደካማ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ያንን የሚያጎሉት አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ በቲዩብ የሚሠሩ ነበሩ። ቲዩብ አየሩ የወጣለት፣ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ነው። ሲግል ይሠራል፤ ውስጡ የሚዞረው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ቲዩብ ልክ አለው። የሚገባው ምልክት ከልኩ ሲያልፍ የማዕበሉ ጫፍ ይታጠፍና ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ይረዝማል። መሐንዲሶች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ሊያስወግዱት ደክመዋል። ሙዚቀኞች ግን ወደዱት፤ ኦቨርድራይቭ የሚባለው ይኸው ነው።

ችግሩ ቲዩብ እዚያ ልክ ላይ የሚደርሰው በጣም ሲጮህ መሆኑ ነው። ፔዳል የመጣው ለዚህ ነው። ቡስት ፔዳል የራሱን ቀለም ብዙም አይጨምርም፤ ምልክቱን አጎልብቶ ቲዩቡን ይገፋዋል። ኦቨርድራይቭ ፔዳል ደግሞ መሻከሩን ራሱ ይጀምርና መካከለኛውን የድምፅ ክልል ወደፊት ያወጣል። ከሁለቱም የከፋው ፈዝ ነው፤ ማዕበሉን ከጫፉ ቆርጦ እንደ ንብ ያስጮኸዋል። በሙላቱ አስታጥቄ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ቅጂዎች ላይ የሚሰማው ሻካራ ጊታር የዚህ ቤተሰብ ነው። በጥንቱ ቅኝት ላይ እንዲህ ያለ ጩኸት መጨመሩ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ነገር ሆኗል።

ከ1974 በኋላ ደርግ የሰዓት እላፊ አወጀ። የምሽት ቤቱ ሙዚቃ ተዳከመ፣ ሸክላውን ካሴት ተካው። አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሙዚቃውን ይዘው ዘለቁ። የሮሃው ጊታሪስት ሰላም ስዩም ወልደማርያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሙዚቃን አመጣጥ ያጠና የታሪክ ሰውም ነው። የሚገርመው፣ በሌላው ዓለም ዝነኛው ቲዩብ ስክሪመር የተባለው ኦቨርድራይቭ ፔዳል ገበያ የወጣው በዚሁ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ጃፓን ለጊታሪስቶች አዲስ ቀለም ስታቀርብ፣ እዚህ ሙዚቀኛው ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ መታየት አይችልም ነበር።

የአዋሽን ነገር ከባድ የሚያደርገው ግን ሌላ ሒሳብ ነው። የቆቃ ሐይቅ የተኛበት መሬት ባዶ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን ለውሃው ለቀዋል፤ መብራቱ ግን ቅድሚያ የሄደው ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ነው። በዚያው ዘመን በኦሮምኛ መዝፈንም እንዲህ ቀላል አልነበረም። ድሬዳዋ ላይ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ ቡድን በመንግሥት ታግዷል። ከዚያ ቡድን የወጣው አሊ ቢራ በኋላ በክቡር ዘበኛ ባንድ ተቀጥሮ ሠራ፤ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር። ጉልበቱ ከኦሮሞ መሬት እየመጣ፣ ቋንቋው ግን ማይክ ፊት ለመቆም መታገል ነበረበት። አሊ ቢራ ያረፈው በኖቬምበር 2022 በዚያችው በአዋሽ አቅራቢያ ባለችው አዳማ ነው።

ይህ ታሪክ ለዛሬ ወጣት ጊታሪስትም ትርጉም አለው። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለ ልጅ ያንን የድሮ ድምፅ ፈልጎ ውድ ፔዳል ቢገዛ፣ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካው የጠበቀውን ላያገኝ ይችላል። ቡስቱ ብቻውን ከሆነ ማስጮህ እንጂ ማሻከር ላይሆንለት ይችላል፤ የሚገፋው ቲዩብ የለምና። ቲዩብ ያለው ደግሞ የኦቨርድራይቩን ጌይን ዝቅ፣ ሌቭሉን ከፍ አድርጎ ይሞክር፤ ሥራውን ቲዩቡ ይጨርሰዋል። ድምፁ የአንድ ሣጥን ምትሃት ሳይሆን የሰንሰለት ውጤት ነው፤ ጣት፣ ጊታር፣ ፔዳል፣ ቲዩብ፣ መብራት።

የሙዚቃ ታሪካችንም እንዲሁ ሰንሰለት ነው። ድምፃዊውን ብቻ የሚያወድስ ታሪክ፣ ሰንሰለቱን ከመሐሉ ይበጥሰዋል። በ«ወርቃማው ዘመን» ለመኩራራት የሚነሳ ሰው ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ ቆቃንም ይጥራ፤ ቆቃን ሲጠራ ደግሞ መሬቱን ለውሃ የለቀቀውን አይርሳ።