ስለ ጨዋታ ወርቅና ስለ እውነተኛ ገንዘብ፤ የሩንስኬፕ ገበያ አጭር ታሪክ

ጨዋታ ከገበያ የራቀ ነገር ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ሰው የሚጫወተው ከሥራው ለማረፍ ስለ ሆነ፣ በጨዋታ ውስጥ የተገኘ ወርቅ ከጨዋታው ደጃፍ ወጥቶ ዳቦ ሊገዛ አይችልም ይባላል። ይሁን እንጂ ብዙ ሺሕ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በአንድነት የሚጫወቱባቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ከተስፋፉ ወዲህ ይህ አስተያየት ጸንቶ ሊቆም አልቻለም። በነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ ዓሣ ያጠምዳል፤ ማዕድን ይቆፍራል፤ ዛፍ ይቈርጣል፤ ያገኘውንም ሸጦ ወርቅ ያከማቻል። ታዲያ ይህን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ተገቢ ነውን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ሩንስኬፕ በተባለው ጨዋታ ታሪክ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩ ተራ የልጆች ጨዋታ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ በ2001 ኤቨርክዌስት ስለ ተባለው ጨዋታ ባወጣው ጥናት፣ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ከሚሻሻጡት ዕቃ ዋጋ ተነሥቶ፣ አንድ ተጫዋች በአንድ ሰዓት 3.42 ዶላር ያህል የሚያወጣ ሀብት እንደሚያፈራ ገመተ። የጨዋታ ሰዓት እንዲህ ዋጋ ከወጣለት፣ ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ለሌላው እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው።

ሩንስኬፕ በጥር ወር 2001 ለሕዝብ ቀረበ፤ ባለቤቱም በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ጃጌክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ወርቅን በገንዘብ መግዛት ከመጀመሪያው የተከለከለ ነበር። ክልከላውን የሚደግፉት ተጫዋቾች ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አልነበረም። በጨዋታው ውስጥ ሁሉም በእኩል ድህነት ይጀምራል፤ የሀብታም ልጅም የድኻ ልጅም አንዱን መዳብ የሚቆፍረው በአንድ ዓይነት ድካም ነው። በውጭው ዓለም «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ቢባልም፣ እዚህ ግን ያ መንገድ ዝግ ይሁን አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ጊዜም ራሱ ሀብት ነው ሲሉ መለሱ። ተማሪው በቀን ስድስት ሰዓት ሲጫወት፣ ቀኑን በሥራ የሚውል የልጆች አባት አንድ ሰዓት እንኳ አያገኝም፤ እንግዲህ ይህ ሰው የጐደለውን ጊዜ በደመወዙ ቢገዛ ምን በደል አለበት? እኩልነት የሚባለውስ ለሥራ ፈት ብቻ የተሰጠ ብልጫ አይደለምን?

ይህ ክርክር እልባት ሳያገኝ ኩባንያው በታኅሣሥ 2007 ከባድ እርምጃ ወሰደ። ወርቅ ሻጮች በተሰረቁ የባንክ ካርዶች የአባልነት ክፍያ እየከፈሉ ጉዳት እንዳደረሱበት ገልጾ፣ ዋጋው እጅግ ያልተመጣጠነ ልውውጥን ከለከለ። ወርቅ የሚተላለፍበትን ቀዳዳ ለመድፈን ሲል፣ ዊልደርነስ በተባለው ምድረ በዳ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ተዋግተው ምርኮ የሚወስዱበትንም ልማድ አስቀረ። ከዚህ የተነሣ ሌባው ብቻ ሳይሆን ለወዳጁ ስጦታ መስጠት የፈለገ ተጫዋችም ተጐዳ። ብዙዎች በጨዋታው አደባባዮች ተሰብስበው ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ጨዋታውን የተዉም ነበሩ።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ኩባንያው ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ከመቶ 91 የሚሆነው ነፃ ንግድ እንዲመለስ ስለ ጠየቀ፣ በየካቲት 1 ቀን 2011 ተመለሰ። ነገር ግን ወርቅ ሻጩም፣ ያለ ሰው እጅ እየቆፈረ ወርቅ የሚያከማችለት ፕሮግራምም አብረው ተመለሱ።

በመጨረሻም በመስከረም 2013 ኩባንያው ራሱ ወደ ገበያው ገባ። «ቦንድ» የተባለ ዕቃ አውጥቶ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ቦንዱን በጨዋታው ውስጥ ለሌላ ተጫዋች በወርቅ ይሸጣል፤ ወርቅ ያለው ተጫዋች ደግሞ ቦንዱን ተቀብሎ የአባልነት ክፍያውን ይሸፍንበታል። ቀድሞ የነበረውን መልክ በያዘው ኦልድ ስኩል በተባለው ክፍልም ቦንድ በ2015 በተጫዋቾች ድምፅ ጸድቆ ገባ። ስለዚህ ለዓመታት ነውር ተብሎ የተወገዘው ግዢ በአንድ ቀን ሕጋዊ ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። ቦንድ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ብር ወርቅ ይሆናል፤ ወርቅ ግን ተመልሶ ብር አይሆንም። ወርቁን በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ተጫዋች ዛሬም ከጨዋታው ይባረራል። ከ2017 ገደማ ጀምሮ የአገራቸው ገንዘብ እጅግ የረከሰባቸው የቬኔዙዌላ ሰዎች በዚህ ጨዋታ ወርቅ እየሰበሰቡ ለዶላር ሲሉ መሸጥ ይዘው ነበር። ከሌሎች ተጫዋቾች አንዳንዶቹ አዘኑላቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ጨዋታችንን አበላሹብን በማለት እያሳደዱ ይገድሏቸው ነበር።

እርግጥ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ዋጋ ቢስ ነው አንልም። የተሰረቀ ካርድ እውነተኛ ሰው ይጐዳል፤ የፕሮግራሞቹም ብዛት ወርቁን ያረክሰዋል። ነገር ግን ክርክሩ ስለ እኩልነት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ቦንድም ከሌላው ግዢ ጋራ በተከለከለ ነበር። በተግባር የታየው ግን የገዢው ጥፋት ሲሰረይለት፣ ለእንጀራ የሚሸጠው ብቻ ጥፋተኛ ሆኖ መቅረቱ ነው። በእኛ አስተያየት፣ ገንዘብ ወደ ጨዋታ ይግባ ወይስ አይግባ ከማለት በፊት፣ በየትኛው በር እንደሚገባና በሩን ማን እንደሚጠብቀው መጠየቅ ይገባል። የጨዋታው ገበያ ትንሽ ቢሆንም፣ ይህ ጥያቄ ግን ገበያ ባለበት አገር ሁሉ የሚነሣ ነው።