ከሩቅ የታየ ገነት

ግሸንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ግማደ መስቀሉ ያረፈባት፣ መስከረም 21 በመጣ ቁጥር ሕዝብ እየጎረፈ የሚወጣባት፣ መስቀልኛ ቅርጽ ያላት የወሎ አምባ ናት። ይቺው አምባ አንድ የእንግሊዝ ገጠር ውስጥ በተጻፈ ዝነኛ ግጥም ውስጥ እንዳለች ግን ብዙ አይወራም። ገጠሩ ኤክስሙር ይባላል። ዛሬ እንግሊዞች ከከተማ ሸሽተው ጥቂት ቀን የሚያርፉበት ብሔራዊ ፓርክ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤክስሙር ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ፣ ሶመርሴትና ዴቨን በሚባሉት ሁለት አውራጃዎች ላይ ተዘርግቷል። ስፋቱ 693 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። «ሙር» የሚሉት ነፋስ የሚገርፈውን፣ ዛፍ የማይበዛበትን፣ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ገላጣ ኮረብታ ነው። በበጋ መጨረሻ ኮረብታውን ሐምራዊ የሚያደርገው ሄዘር የተባለው ቁጥቋጦ የእኛ አስታ ዘመድ ነው። ከፍተኛው ጉብታ 519 ሜትር ብቻ ስለሆነ በእኛ ሚዛን ቆላ ነው። ቅዝቃዜው ግን የደጋ ነው። በሰሜን በኩል ኮረብታው ድንገት ተቆርጦ ባሕር ላይ ያበቃል።

ለእረፍት የሚመጣው ሰው በገደሉ አፋፍ ላይ በእግሩ ይሄዳል፣ አጋዘንና ድንክ የዱር ፈረስ ያያል፣ ሻዩን ይጠጣል። ከሊንማውዝ ወደ ሊንተን የሚያወጣው የገደል ባቡርም አለ። ከ1890 ጀምሮ ይሠራል፤ ሞተር የለውም። ሁለት ፉርጎዎች በገመድ ተያይዘዋል። የላይኛው ታንክ ውኃ ሲሞላ ይከብድና ይወርዳል፣ የታችኛውን ደግሞ ስቦ ያወጣዋል። በቃ! እኔ እንደ መሐንዲስ ቀናሁ።

ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ግን ለመዝናናት ብሎ እዚህ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ቦታው የንጉሥ አደን ክልል ነበር፤ በጎች ይግጡበታል። በ1720ዎቹ ስለ አገሩ የጻፈው ዳንኤል ዲፎ እንኳ ጠፍ መሬት ነው ብሎ አጣጥሎት ነው ያለፈው።

በ1797 ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ገደማ ገጣሚ በዚሁ ዳርቻ በእግሩ ሲሄድ አመመውና በፖርሎክና በሊንተን መካከል ባለ አንድ የገበሬ ቤት አረፈ። ራሱ እንደተናገረው፣ ለሕመሙ ኦፒየም ወስዶ፣ የሳሙኤል ፐርቻስን የጉዞ መጽሐፍ እያነበበ እንቅልፍ ጣለው። በሕልሙ ረጅም ግጥም መጣለት። ነቅቶ እየጻፈ ሳለ ከፖርሎክ አንድ ሰው ለጉዳይ መጥቶ አቋረጠው፤ የቀረውም ከአእምሮው ጠፋ። የተረፈው በ1816 የታተመው «ኩብላ ካን» ነው።

ግጥሙ ውስጥ አንዲት የሐበሻ ልጅ መሣሪያ እየመታች ስለ አንድ ተራራ ትዘፍናለች። የታተመው የተራራውን ስም «አቦራ» ይለዋል። ብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው የገጣሚው የእጅ ጽሑፍ ግን «አማራ» ነው የሚለው።

ይህ «የአማራ ተራራ» እንግሊዝ ድረስ እንዴት ሄደ? በ1520 ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የነገሥታት ልጆች ስለሚጠበቁበት ተራራ ጻፈ። ወሬው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገር እያማረ ሄደ። ፐርቻስ ስለ ተራራው ጻፈ፤ ጆን ሚልተን ደግሞ በ1667 ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ውስጥ አንዳንዶች ገነት ነው የሚሉት ቦታ አድርጎ ጠቀሰው። እውነተኛዋ አምባ ግሸን ግን መሳፍንቱ ለዙፋን እንዳይነሱ የሚታሰሩባት ቦታ ነበረች። አንባቢው ገነት ሲል የነበረውን፣ ውስጡ ያለው ልዑል እስር ቤት ብሎ ነው የሚያውቀው።

ኤክስሙርም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ1818 ጆን ናይት የተባለ ባለሀብት የዘውዱን ድርሻ በ50,000 ፓውንድ ገዝቶ ሊያርሰው ታገለ። በሌላ በኩል ገጣሚዎችና ደራሲዎች ስሙን አገነኑት። በተለይ በ1869 የወጣው «ሎርና ዱን» የተባለው ልብ ወለድ ብዙ ሰው ጠራ። ቀጥሎ ባቡርና ሆቴል መጣ። ጠፍ የተባለው መሬት «ውብ» ተባለ። መሬቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ዝናቡም ያው ነው። በነሐሴ 1952፣ ሊንማውዝ በእረፍተኛ በተሞላችበት ሰሞን፣ ውኃ በጠገበው ሙር ላይ በአንድ ቀን ወደ 230 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። ወንዞቹ ቋጥኝና ግንድ እየጠረጉ በሌሊት መንደሯ ላይ ወረዱ። 34 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ነዋሪም እንግዳም ነበረበት።

ኤክስሙር ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1954 ነው። ፓርክ ሲባል ለእኛ ዋልያና ጭላዳ ነው የሚታየን፤ እዚያ ግን ፓርኩ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ አብዛኛው መሬትም የግል ነው። በ1949 የወጣው የፓርኮች ሕግ ሁለት ዓላማ ነበረው፦ ውበቱን መጠበቅና ሕዝቡ እንዲደሰትበት ማድረግ። ገበሬው ግን መንግሥት ምርት ጨምር ብሎ ድጎማ ይሰጠው ስለነበር ሙሩን እያረሰ የግጦሽ ሣር ይዘራበት ጀመር። ተጓዡ «ውበታችን ጠፋ» አለ፤ ገበሬው «እንጀራዬ ነው» አለ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተመደበው ሎርድ ፖርቼስተር በ1977 ሪፖርቱን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ላለማረስ ካሳ የሚከፈልበት ስምምነት እየተለመደ መጣ።

የፓርኮቹ አስተዳደሮች የነዋሪውን ኑሮም እንዲያስቡ ሕግ በግልጽ ያዘዛቸው ግን በ1995 ነው። ከ1949ኙ ሕግ 46 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ኮልሪጅ ግሸንን ሳያያት ተመኛት፤ እኛም በስልካችን ስንት ቦታ እንዲሁ እንመኛለን። መመኘቱ ክፉ አይደለም። ብቻ አንድ ቀን ኤክስሙር ሄዳችሁ የእግር መንገዱ በአንድ ገበሬ ማሳ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ የእንጨት በር ታገኛላችሁ። ከኋላችሁ ዝጉት፤ የሰው በግ አለ።